ስማችን ስንት ያወጣል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአጋርነት ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



የተሰጠን ጊዜ አጭር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንገባለን። በእጃችሁ ባለው አጀንዳ ተራ ቁጥር አምስት ላይ «ለእንቁጣጣሽ የባህል በዓል የቀረበ የስፖንሰርነት ጥያቄ» የሚል ታያላችሁ። ጥያቄውን ያቀረበው ገንዘብ ወደ አገር ቤት የሚያስተላልፍ ድርጅት ነው። ድርድሩ ገና ስላልተቋጨ ስሙን ዛሬ አንጠራም፤ የምታውቁትም ብትኖሩ እባካችሁ ለዛሬ በሆዳችሁ ያዙት። ድርጅቱ ለሦስት ዓመት የበዓሉን ወጪ ሁለት ሦስተኛ እሸፍናለሁ ብሏል። የአዳራሹ ኪራይ፣ የድምፅ መሣሪያው፣ ከሽሮ ሜዳ የምናስመጣቸው ሸማኔዎች የአውሮፕላን ትኬት፣ በየዓመቱ እንቅልፍ የሚነሱን ወጪዎች ሁሉ እዚያ ውስጥ አሉ። በምላሹ አራት ነገር ይፈልጋል። የበዓሉ ስም በእሱ ስም እንዲጀምር፤ በአዳራሹ ውስጥ ሌላ ገንዘብ አስተላላፊ ጠረጴዛ እንዳይዘረጋ፤ በሦስቱም ከተሞች ያሉ አባላት የስልክ ዝርዝር እንዲሰጠው፤ አበባየሆሽ የሚሉት ልጃገረዶች የድርጅቱን ካናቴራ ለብሰው እንዲዘፍኑ።

ካናቴራው ሲነሣ ማጉረምረም ጀመራችሁ። እኛም በኮሚቴው ስብሰባ መጀመሪያ የተንጫጫነው በካናቴራው ነበር። ከአራቱ ግን ቀላሉ እሱ ነው። ከባዱ የስልክ ዝርዝሩ ነው፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

አስቀድመን አንድ ቃል እናጥራ። በእኛ አነጋገር ስጦታውም፣ ልገሳውም፣ ስፖንሰርነቱም «ድጋፍ» ይባላል። ለሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ደብዳቤ እንጽፋለን፤ «ድጋፋችሁን በትሕትና እንጠይቃለን» ብለን እንዘጋዋለን። ከኩባንያ ጋር ሲሆን ግን ልዩነቱን ማወቅ ግድ ነው፤ ገንዘቡ የሚወጣበት ኪስ ይለያያልና። ከፍ ያሉ ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ ሦስት ኪስ አላቸው። አንደኛው የበጎ አድራጎት ክፍላቸው ወይም ፋውንዴሽናቸው ነው፤ እዚያ የሚጠየቀው «ለስንት ሰው ምን ለውጥ አመጣችሁ» ነው። ሁለተኛው የገበያና የማስታወቂያ በጀቱ ነው፤ እዚያ የሚጠየቀው «ስንት ሰው ስማችንን ያያል» ነው። ሦስተኛው የሠራተኞች ጉዳይ ነው፤ ሠራተኞቻቸው በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉበትን፣ የሚያዋጡበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ለገበያ ክፍሉ ኃላፊ ስለ ችግራችን የሚያስለቅስ ደብዳቤ ብንልክለት ምን ያደርገዋል? አለቃው የሚጠይቀው ስንት ደንበኛ እንዳመጣ ነው። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሥራው ነው።

አሁን ጥያቄ ያቀረበልን ድርጅት የመጣው በሁለተኛው ኪስ ነው። ስለዚህ ሊሰጠን አልመጣም፤ ሊገዛ ነው የመጣው። ይህን የምንለው ለማሳነስ አይደለም። መግዛት ነውር የለውም፤ የምንሸጠውን እያወቅን እስከሸጥን ድረስ።

የዚህ ዓይነቱ ንግድ አርባ ዓመት ያለፈው ታሪክ አለው (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ1983 አሜሪካን ኤክስፕረስ በኒው ዮርክ ወደብ ያለችውን የነፃነት ሐውልት ለማደስ ለሚሰበሰበው ገንዘብ አንድ ዘዴ ይዞ መጣ። ደንበኛ ካርዱን በተጠቀመ ቁጥር አንድ ሳንቲም፣ አዲስ ካርድ በወጣ ቁጥር ደግሞ አንድ ዶላር ለእድሳቱ እሰጣለሁ አለ። በጥቂት ወራት 1.7 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ። በእነዚያው ወራት የካርዱ አጠቃቀም ከሩብ በላይ አደገ። ሐውልቷ ታደሰች፤ ኩባንያውም ገበያው ደራለት። ማን ማንን ረዳ ብሎ መከራከር ይቻላል። እኛን የሚጠቅመን ግን ውሉ ግልጽ መሆኑ ነው፤ ሰው ካርዱን ሲያወጣ ሳንቲሙ ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር።

ታዲያ እኛ ያለን ምንድን ነው? እንጀራና ዶሮ ወጥ አይደለም፤ እሱን በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም በየመንገዱ ያገኙታል። ሕዝቡ ብቻም አይደለም። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2004 ያወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ካካተተ ቆይቷል፤ መሥሪያ ቤቶቹ ጠቃሚ ሰነዶቻቸውን በአማርኛ ያዘጋጃሉ። ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ ስልክ ሻጩም አማርኛ ተናጋሪው እዚህ መኖሩን ያውቃል። በጋዜጣና በሬዲዮ ማስታወቂያ ሊደርስበት ይችላል። በማስታወቂያ የማይገኘው ሌላ ነገር ነው። አንዲት እናት ስለ አንድ ነገር «ማኅበሩ ያመጣው ነው» ከተባለች ሳታመነታ ትፈርማለች። ስታረግዝ ያየናት፣ ስትወልድ ገንፎ ይዘን የሄድንላት፣ ባሏ ሲሞት ድንኳን የተከልንላት እናት ናት። ድርጅቱ የሚገዛው ይህን እምነት ነው። ዋጋችን የሚተመነውም በዚህ ነው።

ከዚህ የሚከተል ተግባራዊ ነገር አለ። እስከ ዛሬ ለስፖንሰር የምናቀርበውን ዋጋ የምናወጣው ወጪያችንን በመደመር ነበር፤ አዳራሽ ይህን ያህል፣ ምግብ ይህን ያህል፣ ስለዚህ የጎደለን ይህን ያህል። ለደጋፊ ሰው ይህ ተገቢ አቀራረብ ነው። ኩባንያ ግን የእኛን ወጪ አይገዛም። ስሙ በመድረኩ ላይ ሦስት ዓመት መቀመጡ ለእሱ ስንት ያወጣል ብሎ ያሰላል። ያንኑ ያህል ሰው ዘንድ በሬዲዮ ለመድረስ ስንት እንደሚከፍል እናውቃለን፤ ዋጋውን ጣቢያዎቹን ጠይቀን ይዘናል። በዚህ ሒሳብ የቀረበልን ገንዘብ ለአራቱም ነገሮች ሲታይ ትንሽ ነው፤ ለሁለቱ ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ክፍያ ነው። ይህንን ለድርጅቱ ተወካዮች ፊት ለፊት ነግረናቸዋል። አልተቆጡም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው በቁም ነገር መነጋገር የጀመሩት።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ፤ የስም ውል ትልቁ ጥያቄ «እስከ መቼ» የሚለው ነውና። በቫቲካን የሲስቲን ጸሎት ቤት፣ ያ ሚኬላንጄሎ የሣለው፣ ከ1980 እስከ 1994 ሲታደስ ገንዘቡን የሰጠው ኒፖን ቴሌቪዥን የተባለ የጃፓን ጣቢያ ነበር። በለውጡ የእድሳቱን ፎቶግራፍና ፊልም የማንሣት ብቸኛ መብት አገኘ። ብዙዎች ጮኹ፤ እንዴት ለጣቢያ ይሰጣል አሉ። ነገር ግን መብቱ ገደብ ነበረው፤ እያንዳንዱ የእድሳት ምዕራፍ ካለቀ ከሦስት ዓመት በኋላ ያበቃ ነበር። ጊዜው አለፈ፣ ሥዕሉም መብቱም ለቫቲካን ቀረ።

ገደብ የሌለው ውል ምን እንደሚያመጣ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ከተማችን መሐል፣ ልጆቻችንን በነፃ በምንወስድበት በስሚዝሶንያን ግቢ አለ። የሳክለር ቤተሰብ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ላይ ስሙ ተጽፎ የኖረ ቤተሰብ ነው። ከቤተሰቡ መካከል የሁለቱ ወንድማማቾች ወገን ኦክሲኮንቲን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የሚሠራው የፐርዱ ፋርማ ባለቤት ነበር። መድኃኒቱ በሱስ ስንቱን እንደጨረሰ ሲታወቅ ሙዚየሞቹ መሸሽ ጀመሩ። የለንደኑ ብሔራዊ የቁም ሥዕል ሙዚየም በ2019 ከቤተሰቡ ፋውንዴሽን ሊያገኝ የነበረው አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ቀረ፤ በዚያው ዓመት ሉቭር ስማቸውን ከግድግዳው አነሣ፤ በ2021 መጨረሻ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ከሰባት ቦታ አወረደው። በስሚዝሶንያን ያለው ስም የሦስተኛው ወንድም የአርተር ሳክለር ነው። እሱ የሞተው በ1987፣ ሙዚየሙ በተከፈተበት ዓመት ነው፤ መድኃኒቱ ገበያ የወጣው ግን በ1996 ነው። ሰውዬው እጁ የለበትም ማለት ነው። ቢሆንም ስሙ ይነሣ የሚል ጥያቄ መጣ፤ ሙዚየሙም ከለጋሹ ጋር ያደረግኩት ውል አይፈቅድልኝም አለ። በ2019 ሙዚየሙ ከጎረቤቱ ፍሪር ጋር «ብሔራዊ የእስያ ጥበብ ሙዚየም» በሚል መጠሪያ መታወቅ ጀመረ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ስም ግን እንዳለ ነው።

ይህን ያህል የተናገርነው የእኛ በዓል ሉቭር ነው ለማለት አይደለም። ዛሬ ጥሩ ስም ያለው ድርጅት ከአምስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ገንዘብ አስተላላፊ ደግሞ በምንዛሪ፣ በኮሚሽን፣ በዘገየ ገንዘብ ሰው በየቀኑ የሚማረርበት ንግድ ነው። አንድ ቀን የአንዷ እናት የመድኃኒት ገንዘብ መንገድ ላይ ቢቀር፣ ስሙ ከበዓላችን ስም ፊት የተጻፈ እንደሆነ፣ ደውላ የምታለቅሰው ለእኛ ነው።

አራቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

ስሙን በተመለከተ፦ እንቁጣጣሽ የማኅበራችን ንብረት አይደለም፤ ስለዚህ ልንሸጠው አንችልም። «የእገሌ እንቁጣጣሽ» የሚባል ነገር ከአፋችን አይወጣም። ሊሆን የሚችለው «የእንቁጣጣሽ የባህል በዓል፣ በእገሌ ድጋፍ» የሚል ነው፤ የድርጅቱ ስም ከሥር፣ በደንብ በሚነበብ ፊደል፣ ለሁለት ዓመት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለታችንም ከፈለግን እንደገና እንፈርማለን። በተጨማሪም ድርጅቱ በሕግ ጥፋተኛ ቢባል ወይም የማኅበሩን ስም የሚያጎድፍ ነገር ቢደርስ በሠላሳ ቀን ማስታወቂያ ስሙን የማንሣት መብት በውሉ ይጻፍ ብለናል። እነሱም በእኛ ላይ እንዲሁ ያለ መብት ይኑራቸው፤ ፍትሕ ነው።

ሌላ አስተላላፊ አይግባ የሚለው ሁለት ችግር አለው። አንዱ የሕግ ነው። እንደ እኛ ያለ ከግብር ነፃ የሆነ ማኅበር የሚቀበለውን የስፖንሰር ገንዘብ በተመለከተ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1997 ያወጣው ደንብ አለ። የስፖንሰሩን ስም፣ ዓርማ፣ አድራሻና ስልክ መጥቀስ፣ ማመስገን፣ ይህ ሁሉ ከግብር ነፃ ነው። «ከሌሎች ይሻላል»፣ «ኮሚሽኑ ርካሽ ነው»፣ «ዛሬውኑ በእነሱ ላኩ» ብለን ከመድረክ ከተናገርን ግን ምስጋናው ማስታወቂያ ሆነ፤ ግብር ሊያስከትል ይችላል። (የመድረክ መሪዎቻችን፣ ይህቺን ዓረፍተ ነገር አደራ። እናንተ ሞቅ ሲላችሁ እናውቃችኋለን።) ክፍያው በሚመጣው ሰው ብዛት ላይ ከተመሠረተም እንዲሁ ከነፃነቱ ይወጣል። «ብቸኛ ስፖንሰራችን» ብሎ መጥራት ይፈቀዳል፤ ተፎካካሪ በግቢያችን እንዳይሸጥ መከልከል ግን ለስፖንሰሩ የተሰጠ ጥቅም ተደርጎ ይቆጠራል፤ የዚያን ያህል ገንዘብ ከለላውን ያጣል። የሒሳብ አዋቂያችን ዝርዝሩን በጽሑፍ አቅርባለች፤ ከመግቢያው ጠረጴዛ ላይ አለ።

ሁለተኛው ችግር የይሉኝታ ነው፤ ለእኛ ከሕጉ ይብሳል። በዓሉ ገና በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሲደረግ ጀምሮ ውሃና በረዶ፣ ከሰልና ቡና ያለ ክፍያ የሚያቀርቡልንን ባለሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ከእነሱ ግማሾቹ በሱቃቸው ጥግ የሌላ አስተላላፊ ወኪል ናቸው። ይህን አንቀጽ ብንፈርም በራሳቸው በዓል ጠረጴዛ መዘርጋት ይከለከላሉ። የሦስት ዓመት ገንዘብ ተቀብለን የዘመናት ጎረቤት እናጣለን። ኮሚቴው ይህን አንቀጽ አልተቀበለውም፤ እናንተም እንዳትቀበሉት እንመክራለን።

የካናቴራው ነገር እንደተናገርነው ቀላል ነው። ልጃገረዶቹ የሚለብሱት እናቶቻቸው ያለበሷቸውን ቀሚስ ነው። አበባ ይዘው በየደጁ የሚዞሩበት ዘፈን የማንም ማስታወቂያ አይሆንም፤ ልጆች ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ናቸው፣ ፎቷቸው በኩባንያ ወረቀት ላይ የሚወጣው ወላጅ ሲፈርም ብቻ ነው። ካናቴራውን ወንበር ለሚያነሡት፣ መኪና ለሚያስቆሙት በጎ ፈቃደኞች እናልብሰው አልን። ድርጅቱ ወዲያው ተስማማ። እንዲያውም ቁጥሩን ጨመረልን።

የስልክ ዝርዝሩ ላይ እንቆይ። ስልካችሁን ለማኅበሩ የሰጣችሁት ለዕቁብ ተራ፣ ለሕመምተኛ ጥየቃ፣ ለለቅሶ ነው። ለሌላ ጉዳይ ስትሰጡ የፈረማችሁት ነገር የለም። በፍራንክፈርት ያሉ እኅቶቻችን ጉዳይ ደግሞ ክርክርም የለውም፤ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ አንድ ሰው ለአንድ ዓላማ የሰጠውን ስልክ እንዲያው ለሌላ ዓላማ ማስተላለፍን አይፈቅድም። በካናዳም ከ2014 ጀምሮ የንግድ መልእክት በስልክ ጽሑፍም ሆነ በኢሜይል ለመላክ የተቀባዩን ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ አለ። እዚህ ተቀምጠን የምንፈርመው ውል ቶሮንቶና ፍራንክፈርት ያሉትን እኅቶቻችንን ሕግ ውስጥ ሊጨምራቸው ይችላል። ሦስት አገር ያለ ማኅበር ነን ስንል ሦስት አገር ሕግ አለብን ማለት ነው።

ሕጉ ባይኖርስ? ከእኛ መካከል ከሚደበድባት ሰው ሸሽታ፣ ስልኳን ቀይራ፣ አዲሱን ቁጥር ለማኅበሩ ብቻ የሰጠች እኅት አለች። አንዲት ብቻም አይደለችም። ዝርዝሩ አንድ ጊዜ ከእጃችን ከወጣ በማን ኮምፒውተር ላይ እንደሚያድር፣ በየትኛው ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እንደሚታይ መናገር አንችልም። ስለዚህ ኮሚቴው ስለ ዋጋው እንኳ አልተደራደረም። ለድርጅቱ የሰጠነው አማራጭ አንድ ነው፤ በበዓሉ ቀን በጠረጴዛው ላይ መዝገብ ያስቀምጥ፣ የፈለገ ሰው በገዛ እጁ ይመዝገብ። በዚህ ላይ መልሳቸውን ገና አልሰጡንም።

አሁን ደግሞ የሚቀርበውን ጥያቄ እንገምታለን፤ «እሺ፣ ድርጅቱ እምቢ ቢልስ?» በዓሉ አይቀርም። ከሆቴሉ አዳራሽ ወደ ትምህርት ቤት ጂም ይዛወራል። ሸማኔዎቹን ዘንድሮ አናስመጣም፤ ሸማቸውን አስልከን እንሸጥላቸዋለን። የድምፅ መሣሪያው የልጆቻችን ይሆናል፣ ጆሯችሁን አዘጋጁ። ይህ ለሸማኔዎቹ ቀላል ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን፤ የዓመት ገቢያቸውን ትልቅ ክፍል ከዚህ በዓል ይዘው የሚመለሱ አሉ። ለዚህ ነው ድርድሩን እስከ መጨረሻው የምንገፋው።

ከዚህ ጎን ግን በአንድ ሰው ኪስ ላለመንጠልጠል ከአሁን ጀምሮ የሚሠራ ሥራ አለ። ኩባንያዎች የሚቀጥለውን ዓመት በጀት የሚመድቡት ብዙውን ጊዜ በመኸር ነው። ለመስከረም በዓል በሐምሌ ብናንኳኳ «ገንዘቡ አልቋል» ከማለት በቀር ምን ይሉናል? መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት ደብዳቤ የሚወጣው የዘንድሮው በዓል ካለቀ በሳምንቱ ነው፤ ፎቶው ሳይቀዘቅዝ፣ የመጣው ሰው ቁጥር ትዝ ሳይል እንዳይቀር።

ቁልፉም ያለው በእናንተ እጅ ነው። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል በሆስፒታል፣ በሆቴል፣ በአየር ማረፊያ፣ በባንክ የማይሠራ ጥቂት ነው። ብዙ ትልልቅ ቀጣሪዎች ሠራተኛው ለበጎ አድራጎት ማኅበር የሰጠውን ያህል ደግመው ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹ በበጎ ፈቃድ ላገለገለበት ሰዓት ጭምር ይከፍላሉ። ይህን የምታገኙት ከሰው ኃይል ክፍሉ ወይም ከውስጥ ድረ ገጹ ነው፤ ቅጹ ላይ የማኅበሩን የግብር ቁጥር ይጠይቃችኋል፣ ከጸሐፊያችን ውሰዱ። ከመድረክ ላይ ከሚሰቀል ባነር ይልቅ የአንዲት ነርስ አሥራ አምስት ደቂቃ የበለጠ ያስገባል ብለን እናምናለን፤ ውልም ድርድርም የለበትም። የትኛው ኃላፊ ለማን እንደሚመልስ የምታውቁም እናንተው ናችሁ። ከውጭ የሚላክ ደብዳቤ ለማን እንደሚደርስ አይታወቅም፤ አሥር ዓመት አብራችሁት የሠራችሁ አለቃ ግን ስማችሁን ያውቃል።

ገንዘብ ብቻም አትጠይቁ። ማተሚያ ቤት ማተም ይችላል፤ የመኪና ኪራይ ድርጅት አንድ ቀን አውቶቡስ ሊሰጥ ይችላል፤ የሕግ ቢሮ ይህንን ውል በነፃ ሊያይልን ይችላል። ይህ ሁሉ በመዝገባችን ዋጋው ተተምኖ ይጻፋል፣ ምስጋናውም እኩል ነው።

ደጃቸውን የማናንኳኳም አሉ። የሕፃናት ዱቄት ወተት አምራቾች አንዱ ናቸው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 ባጸደቀው ደንብ መሠረት እነዚህ ኩባንያዎች ከነፍሰ ጡሮችና ከአራሶች ጋር ለገበያ ሲሉ በቀጥታ እንዳይገናኙ፣ ስጦታ እንዳይሰጡ ተጠይቀዋል፤ በእኛ በዓል ደግሞ ከፊት ወንበር የሚቀመጡት እነዚያው አራሶች ናቸው። የቆዳ ማንጫ ክሬም ሻጭም በሴቶች ማኅበር ደጅ ቦታ የለውም፤ ስለ እሱ ብዙ ማውራት አያስፈልግም።

ለግል ደጋፊዎቻችን አንድ ቃል። ከእናንተ መካከል «ኩባንያ ከገባ እኛ ምን እናደርጋለን?» ያላችሁን አላችሁ። ጊቪንግ ዩኤስኤ የሚባለው ዓመታዊ ዘገባ እንደሚያሳየው በ2023 በአሜሪካ ለበጎ አድራጎት ከተሰጠው ወደ 557 ቢሊዮን ዶላር ገደማ 67 በመቶውን የሰጡት ግለሰቦች ናቸው፤ የኩባንያዎች ድርሻ 7 በመቶ አካባቢ ነው። በየወሩ ሃያ ዶላር የምትልኩልን እናንተ ካናቴራ አልጠየቃችሁንም። የነፃ የሕግ ምክሩ፣ የድንገተኛ መጠለያው፣ ማንም ስሙን ሊጽፍበት የማይፈልገው ሥራ ሁሉ የሚሠራው በእናንተ ገንዘብ ነው። የስፖንሰር ገንዘብ በዓሉን እንጂ ይህን አይነካም፤ ሒሳቡም በተለያየ ባንክ ደብተር ይያዛል። ማየት የፈለገ በማንኛውም ቅዳሜ ቢሮ መጥቶ ማየት ይችላል።

ወደ ድምፁ እንሂድ። በወንበራችሁ ላይ ሁለት ካርድ አለ። አረንጓዴው፣ ኮሚቴው በተናገርነው መሠረት ድርድሩን ይቀጥል ማለት ነው፤ ስሙ ከሥር ለሁለት ዓመት፣ የማቋረጥ መብት በጽሑፍ፣ ባለሱቆቹ ጠረጴዛቸውን ይዘው፣ ቀሚሱ ቀሚስ ሆኖ፣ የስልክ ዝርዝሩ ከካዝናው ሳይወጣ። ድርጅቱ ከአምስቱ አንዱን እንኳ እምቢ ካለ ኮሚቴው ሌላ ስብሰባ ሳይጠራ ውሉን ይተወዋል። ነጩ፣ ድርድሩ ከአሁኑ ይቁም ማለት ነው። የቶሮንቶና የፍራንክፈርት እኅቶች ድምፃችሁን በጽሑፍ መልእክት ለጸሐፊያችን ላኩ፤ ድምፃችሁ እዚህ ካለው እኩል ይቆጠራል። ባለሱቆቻችንም አባል የሆናችሁ ትመርጣላችሁ፤ ጥቅም አላችሁ ብላችሁ እንዳትወጡ፣ ሁላችንም ጥቅም አለን።

ካርዱን የምትሰበስበው በር ላይ የቆመችው እኅታችን ናት። ቡናው ተቆልቷል፤ የሚፈላው ቆጠራው ካለቀ በኋላ ነው።